ያልሰማኋቸው ስድስቱ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ከሥራ መልስ

ደግሞ ጠፋኝ። የኪቦርዱ የአማርኛ መቀየሪያ። ጠዋት ከላይ በቀኝ በኩል አግኝቼው ነበር። ሰላም ልልህ ብዬ ሦስቴ እንግሊዝኛ ወጣ። አራተኛው ይኸው፦ ሰላም ማስታወሻዬ።

የቢሮአችን የኮምፒውተር ባለሙያ ኦቲየኖ ዓርብ ነው ሊኑክስ የሚባል ሲስተም የጫነልኝ። የድሮው ዊንዶውስ ጊዜው አልፏል፣ አዲሱን ደግሞ ይሄ አሮጌ ላፕቶፕ አይችለውም አለ። ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ የምትፈልጊውን አውጥተሻል ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። እሺ፣ በቋንቋቸው ሳዋ አልኩት። ዴስክቶፑ ላይ የነበረውን አንድም ሳላስቀር ፍላሽ ላይ ገልብጫለሁ።

ፈጣን ነው፣ አልዋሽም። ግን የሰው ቤት ነው። ሁሉ ነገር ቦታው ሌላ። ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁሩ መስኮት ላይ የይለፍ ቃል ስጽፍ ኮከብ እንኳ አያሳየኝም። ዮናስ ቢኖር ይስቅብኝ ነበር። ባሌ የማይስቅብኝ ነገር አልነበረውም። ከሞተ አምስት ወሩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13። ማታ 1 ሰዓት

ክፉ ቀን። ከዌስትላንድስ ሥራዬ ካሳራኒ ቤቴ በማታቱ ታክሲ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ በዝናብ። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ የጸሎት ቡድናችን እህት ማርታ ደወለች። የዮናስን ልብስ ለአዲስ መጤ ስደተኞች ብንሰጥስ አለች። ትክክል ናት። ተናደድኩባት።

አራተኛውን ልሰማ ነው። ነግሬህ አላውቅም መሰለኝ። ዮ. አልጋ ላይ ሳለ፣ እኔ ሥራ ስውል፣ በዚሁ ላፕቶፕ ዘጠኝ ጊዜ ድምፁን ቀድቶልኛል። ሲከፋሽ አንድ አንድ እያልሽ ስሚ ብሎኝ ነበር። ሦስቱን ሰማሁ። እንዳያልቁብኝ ስድስቱን ቆጠብኩ፣ ከረሜላ እንደሚደብቅ ልጅ።

ፍላሹን ሰካሁ። ፎልደሩ ከነስሙ አለ። አይከፈትም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። ምሽት

እምቢ። አንድ ማጫወቻ አወረድኩ፣ እምቢ። ሌላ አወረድኩ። ሦስተኛ። ይህን ሲስተም የሠራው ሰው እጄ በገባ! ኦቲየኖ ፈቃድ ወጥቶ ኪሱሙ ነው፤ መልእክት ተውኩለት። ማውረዴን ቀጥያለሁ። አለቅሳለሁ፣ አወርዳለሁ። ደግሞ እስቃለሁ፤ ዮ. ሲታመም እንኳ እንዲህ ከማሽን ጋር አልተሳደብኩም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። በእስክሪብቶ

ወረቀት ላይ ነኝ። ከታች ካለው ሱቅ የተገዛ የተማሪ ደብተር።

ኦቲየኖ ደወለ። ፎልደሩ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ነበረችበት ወይ አለኝ። ነበረች። ጌጥ መስላኝ። እሱ ፎልደሩ አይደለም፣ ፎልደሩ ያለበትን ጠቋሚ ብቻ ነው አለ። አድራሻውን ገልብጬ ቤቱን አስፈረስኩ። በገዛ አፌ፣ ሳዋ ብዬ።

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ ማለዳ ይመጣል። ኦቲየኖ ይህን ከየት ይወቀው? ፖሌ ሳና፣ ፖሌ ሳና ይላል፣ በጣም አዝናለሁ ማለቱ ነው። ያዘነው ከልቡ ነው።

ቀጠለ። ምናልባት ከሥር ያልተነካ ነገር ይኖራል፣ የሚያወጣ ጓደኛም አለኝ፣ ግን አዲስ የሚጻፈው ሁሉ አሮጌው ላይ ነው የሚያርፈው፣ ላፕቶፑን አሁኑኑ አጥፊው አለ። ማጫወቻዎቹ ትዝ አሉኝ። ከዚያ አንተ፣ ማስታወሻዬ፣ ትዝ አልከኝ። ሳምንቱን ሙሉ ዮ. ናፈቀኝ እያልኩ የጻፍኩት ድምፁ ላይ ነው።

ልጥፋ ወይ ብሎ ላፕቶፑ ጠየቀኝ፣ በስድሳ ሰከንድ በራሴ እጠፋለሁ ብሎ። ስድሳውን አልጠበቅኩም፣ አጠፋሁት።

ወሰንኩ። ሰኞ ላፕቶፑን ለኦቲየኖ ጓደኛ እሰጣለሁ። ከተገኘ ለእኔ ደውል፣ ካልተገኘ ለእኔ አትንገር፣ ለማርታ ንገራት ብዬ ለኦቲየኖ ስልክ ቁጥሯን ሰጥቼዋለሁ። ማርታንም እንደ ወጋችን እንድታረዳኝ ለመንኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም፤ ሰው ይዤ እመጣለሁ አለች። ልብሱንም ያን ቀን ትውሰድ።

እንግዲህ ስልኬ ከጮኸ ስድስት ቀን ከዮ. ጋር አለኝ። ማለዳ በሬ ከተንኳኳ ግን…