አየር የሚያስነሳው ሞተር

ወንድሜ ማህዲ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። የሐይቅ ሰላምታ ጅዳ ድረስ ይድረስህ፤ እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

አባባ የሚሠራበትን የድንጋይ መፍጫ ሞተር ታስታውሳለህ? ቤት ያህላል፣ ግን ባትሪ የለውም፤ የሚነሳው ሲሊንደር ውስጥ በታመቀ አየር ነው። ትናንት አባባ «አንቺ ክፈቺው» አለኝ። ቢስሚላህ ብዬ ቫልቩን ባዞረው አየሩ ጮኸ፤ ያ ሁሉ ብረት ተንገጫግጮ ተነሳ! ሱብሃነላህ፣ ንፋስ ተራራ ሲቀሰቅስ አየሁ።

አባባ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ «ማታ ከማጥፋትሽ በፊት ለነገ መነሻ ሲሊንደሩን ሙዪ» አለኝ። ሥራውን ሁሉ እያስተማረኝ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ ዳገቱ ላይ «ሐይቁን ልይ» እያለ ደጋግሞ ቆመ። ሐይቁ ያው የምታውቀው ሐይቅ ነው።

ለአረፋ እመጣለሁ ያልከውን ለረመዳን አድርገው። አላህ አንድም ሳንጎድል ያገናኘን።

እህትህ ኡሙሀኒ