የነኢማ የልምምድ ቀን

ወልድያ፣ ሚያዝያ 2014

ጂዳ ላለሽው እታለም ረሂማ፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላህ። ጾሙን እንዴት ይዞሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ መብራቱም ውሃውም ተመልሶልን ደህና ነን።

የጤና ኮሌጃችን ትምህርት ጀምሯል። ተማሪዎቹን በቡድን በቡድን አድርጌ ድንገተኛ ሕመምተኛ የመርዳት ልምምድ አሠራቸዋለሁ። የመለማመጃው አሻንጉሊት በጦርነቱ ስለተዘረፈ አንዷ ተማሪ ደም እንደሚፈስሳት ወላድ ሆና ትተኛለች። የታዘዘ ሁሉ ትእዛዙን ጮክ ብሎ መድገም አለበት።

ልጅሽ ነኢማ እጇ ፈጣን ነው፤ ድምጿ ግን አይሰማም። ማክሰኞ ዕለት፣ "ካልተናገርሽ ጓደኞችሽ ምን እንደሠራሽ በምን ያውቃሉ? ጮክ በይ!" ብዬ ተቆጣኋት። ወዲያው ነፋስ በሩን ሲያላትመው ነኢማ አልጋው ሥር ገባች። እኔ ደርቄ ቀረሁ። ወላድ ሆና የተኛችው ምሕረት ግን ወርዳ አጠገቧ ተጋደመች።

"ቲቸር፣ በሩን ይዝጉልን። እሷ ትሥራ፣ እኔ እናገርላታለሁ" አለችኝ።

ዘጋሁት። ቆይተው ተነሡ፤ ምሕረት አልጋውን ለሌላ ተማሪ ለቀቀችና እየተናገረችላት ልምምዱን ጨረሱ።

ስትደውዪ ዝም ካለችሽ በኔትወርኩ አታሳብቢ። ጦርነቱ ሲቃረብ፣ ያን ሐምሌ "ካንተ አትለያት" ብለሽኝ ነበር። ወልድያ ያሰጋል፣ ግራና ከተማ አክስታችን ዘንድ ይሻላታል ብዬ የላክኋት እኔ ነኝ፤ ጦርነቱ ግን እዚያው አገኛት። አሠሪዎችሽ ፈቃድ ከሰጡሽ ለዒድ ብትመጪ ደስ ይለኛል።

አላህ በሰላም ዓይን ለዓይን ያገናኘን። "ነኢማም ሰላም ትልሻለች ብዬ ልጻፍ?" ብላት በእሺታ አንገቷን ነቅንቃልኛለች።

ወንድምሽ አብዱልሐሊም