ድንጋይ ተሸክመሽ ነይ ላሉኝ ለዕድራችን ሊቀመንበር

ለተከበሩ አቶ ሽመልስ፣
የሠፈራችን ዕድር ሊቀመንበርና የዕርቅ ሽማግሌዎች ሰብሳቢ፤
መናኸሪያ ክፍለ ከተማ፣ ሀዋሳ።

የከበረ ሰላምታዬ ከነቤተሰብዎ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይ ደግሞ ጉሮሮዎ እንደምን ሰንብቷል? እንጥልዎ በቦታዋ እንዳለች ተስፋ አደርጋለሁ። የልጄ የለችም።

ነገሩ የተበላሸው ከሥራ ስመለስ የግቢያችንን በር በከፈትኩባት ቅጽበት ነው። የባለቤቴ አክስት እትዬ አስካለ የሦስት ዓመቷን ሊዲያን በጭናቸው መካከል ቆልፈው ሁለት እጆቿን ይዘዋል፤ የዕድራችን አንጋፋ አባል አቶ በላይነህ ደግሞ አፏን በማንኪያ ከፍተው፣ ሌላውን እጃቸውን ከነምላጩ ከጉሮሮዋ ሲያወጡ ደረስኩ። ደሙ በአገጯ ወርዶ ሹራቧን አርሶታል። እትዬ አስካለ ቀና ብለው፣ "እንኳን ደስ ያለሽ የኔ ልጅ፣ ሳሏ ተቆርጦ ወጣላት" አሉኝ።

ሊዲያ በሰባት ወር የተወለደች፣ አስም ያለባት፣ ልቧም ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያለባት ልጅ መሆኗን ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሐኪሞቿ አፏ ውስጥ የሚፈጠር ቁስል ለልቧ እንደሚያሰጋት ነግረውኝ ጥርሷን እንኳ የምቦርሸው እየተጠነቀቅሁ ነበር። ያን ዕለት ደሟን ወደ ሳንባዋ ስባ፣ ባጃጅ ውስጥ እቅፌ ላይ ከንፈሯ ጠቆረ። በኦክስጅን ሰንብታ ተረፈች። ይህ ሁሉ ሲሆን እርስዎ ሥራ ፈትተው አልተቀመጡምና ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። እኔ ሆስፒታል አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ትንፋሿን ሳዳምጥ፣ እርስዎ ባለቤቴን ሔኖክን አስጠርተው፣ የአቶ በላይነህን ጉልበት አስመው፣ ዕርቁን ጨርሰው አሳርገዋል። ለሔኖክ የምለውን ብዬዋለሁ፤ አሁን የሚተኛው ሶፋው ላይ ነው። እርስዎን ግን ሳላደንቅ አላልፍም፤ ተበዳይዋ ገና መተንፈስ ሳትችል የሚያልቅ ዕርቅ የትም አገር አልሰማሁም።

ሁለተኛ፣ ስለ ሕክምና ዕውቀትዎ አመሰግናለሁ። በሽማግሌዎቹ ፊት "እኛም ተቆርጠን ነው ያደግነው፣ ምን ሆንን?" ማለትዎን ሰምቻለሁ። ምን እንደሆናችሁ ለመዘርዘር ይህ ወረቀት አይበቃም። "የሚነፋው መድኃኒት ሱስ ያስይዛል፣ ምላጭ ግን አንድ ጊዜ ነው" ማለትዎም ደርሶኛል። የአስም በሽተኛን ትንፋሽ የሚያሳጥረው የሳንባ ቧንቧ መጥበብ እንጂ እንጥል አይደለም፤ ምናልባት አቶ በላይነህ እጃቸው እስከዚያ ስላልደረሰላቸው ይሆናል በእንጥሏ የተወሰኑት።

ሦስተኛውን በምስጋና ልጽፈው ሞክሬ አልቻልኩም። ከሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጬ መድኃኒቷን የምትስብበት ዕቃ ሠርቼላት፣ ላዩ ላይ ዓሣ ሥዬበት ነበር። ትንፋሿ ሲያጥር ራሷ "ዓሣዬን!" ብላ እየሮጠች መጥታ አፏን ትከፍትልኝ ነበር። ዛሬ ጠርሙሱን ስታይ ጥርሷን ትነክሳለች፤ አፏን በሁለት እጇ ትሸፍናለች፤ ደረቷ እየተሰረጎደም ቢሆን አትከፍትም። ስለዚህ እኔ እናቷ በጭኔ መካከል ቆልፌ፣ እጆቿን ጠምዝዤ ይዤ፣ መድኃኒቱን በግድ እንድትስብ አደርጋታለሁ። እትዬ አስካለ እንደያዟት ነው የምይዛት፣ አቶ ሽመልስ። ልጄ ቀና ብላ ስታየኝ የምታየው እኔን ሳይሆን አቶ በላይነህን ነው። አንድ ቀን ጉልበቴ ያልበቃ ዕለት፣ አፏን እንደዘጋች ትሞትብኛለች። ያስታረቁት ይህንን ነው።

አራተኛ፣ ስለ ፍርድዎ። ያን ዕለት ምላጭ የያዘውን እጅ እስኪደማ መንከሴ እውነት ነው። ከሆስፒታል ወጥቼ ዕርቁን ስሰማ፣ የአቶ በላይነህን በር በድንጋይ መሰባበሬም እውነት ነው። እሳቸው ንክሻው እንዳያመረቅዝ ክሊኒክ ሄደው መርፌ መወጋታቸውን ስሰማ ግን ተገርሜያለሁ፤ ለልጄ የበቃው ምላጭ ለእሳቸው አልበቃም ማለት ነው? እርስዎም "ዩኒቨርሲቲ ያበላሻት ልጅ" ብለው፣ ለፖሊስ ያቀረብኩትን ክስ አንስቼ፣ የፊታችን እሑድ በዕድሩ ስብሰባ ላይ አንገቴ ላይ ድንጋይ ተሸክሜ ከአቶ በላይነህ እግር ሥር እንድወድቅ ፈርደዋል። የልጄን ጉሮሮ የቆረጠው ሰው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ድንጋዩን እኔ እሸከማለሁ። ፍርድዎ ከምላጩ ይልቅ ስለታም ነው።

እንግዲህ መልሴ ይኸውልዎ። ክሱን አላነሳም። ከዛሬ ጀምሮ ያለእኔ ፈቃድ የልጄን አፍ የሚከፍት እጅ፣ የአክስትም ይሁን የሽማግሌ፣ አልቀበልም። እኔ በሌለሁበት ስሜን ጠርቶ የሚታረቅ ባልም ዕድርም አልቀበልም። "ለልጅሽ አስበን ነው" የሚለውን ቃል ከማንም አፍ አልቀበልም። በልጄ ደም ላይ ይቅርታ የምጠየቅ እንጂ ይቅርታ የምጠይቅ አይደለሁም።

ዕድሜና ጤና ከነሙሉ እንጥልዎ እየተመኘሁ፣
አክባሪዎ እንጂ ታዛዥዎ ያልሆንኩ፣
ፍቅርተ ታደሰ፣ የሊዲያ እናት።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያዘዙኝን ድንጋይ መርጬ ደጃፌ ላይ አስቀምጫለሁ። አንገቴ ላይ አይወጣም፤ በእጄ ልክ ነው። ሊያስታርቁ የመጡ እንደሆነ፣ ከመግባትዎ በፊት ሁለት መዳፍዎን ዘርግተው ያሳዩኝ።