የናሆም የኩሽኔታ ጋሪ

እሑድ፣ ጥር 17

ከልጄ ከናሆም ጋር ስንሠራው የሰነበትነውን የኩሽኔታ ጋሪ ዛሬ ጨረስን። ጣውላውን በመጋዝ የቆረጠው እሱ ነው፤ ኩሽኔታዎቹን ወሰን ሰፈር ካለ ጋራዥ ለምኜ ያመጣሁት እኔ። ከእንጨት የሠራሁለትን ፍሬን ግን ገና አልሞከርነውም ነበር።

«አባዬ፣ አንዴ ብቻ ልውረድበት» አለኝ። እሺ አልኩት።

የሰፈራችን ቁልቁለት መሀል ሲደርስ ፍሬኑን ረገጠ፤ እንጨቱ ተገንጥሎ ወደቀ። ከታች አስፋልቱ ላይ ታክሲዎች ይከንፋሉ። «ዝለል! ናሆም፣ ዝለል!» እያልኩ ከኋላው ሮጥኩ፤ ልደርስበት አልቻልኩም። አስፋልቱ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው መሪውን ጠምዝዞ ጎረቤታችን ለግንባታ ያስደፋው አሸዋ ውስጥ ገባ። ስደርስ አሸዋ ከአፉ እየተፋ ይስቃል። እኔ አጠገቡ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ።

እራት ላይ እናቱ የተላጠ ጉልበቱን አይታ «ምን ሆነህ ነው?» አለችው።

«ኳስ ስጫወት ወድቄ ነው» አላት። ወደ እኔ ቀና ብሎም አላየ።

እሱ ለእኔ ብሎ ሲዋሽ እኔ መጉረሴን ቀጠልኩ። አሁን እሱ ተኝቷል፤ እሷ ሳሎን ልብስ እያጣጠፈች ነው። ልነሳና ልንገራት።