የቦኗችን ውለታ

አሶሳ
እሑድ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጅማ ላለችው ልጄ፣ ለኢኽላስ

አሰላሙ ዐለይኪ ልጄ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሙቀቱ ያው የምታውቂው ነው። የግቢያችን ማንጎ ፍሬ ይዟል።

ሐሙስ ደውለሽ «ኡሚ፣ ፈርሚና ተገላገይ፤ አንድ ፊርማ ምን አላት?» ስትዪኝ ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አይደለም። ጉዳዩን ለማንም አልተነፈስኩም ነበር፤ ለአክስትሽም ጭምር። ማን እንደነገረሽ አልጠይቅሽም። ብቻ የነገረሽ ሰው ግማሹን ነው የነገረሽ። ቀሪውን ከእኔ ስሚ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ዘይቤዎችን ሸምድደዋል። ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምጸት ብትያቸው ትርጉሙን አንድ ቃል ሳይስቱ ይወርዱልሻል። ምሳሌ ስትጠይቂያቸው ግን መጽሐፉ ላይ ያለችውን ይደግማሉ። ስለዚህ መጽሐፉን አስዘጋሁና «ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ስትመጡ ካያችሁት ነገር መርጣችሁ በምጸት ጻፉ» አልኳቸው።

ብኸይታ የምትባል ልጅ አለች፤ ከሆሞሻ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር። እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ምጸት ውሸት ነው?»

«አይደለም» አልኳት። «ውሸታም እንድታምኚው ይፈልጋል። በምጸት የሚናገር ሰው ደግሞ ቃሉን እንዳለ እንዳታምኚው ይፈልጋል።»

በማግስቱ «የቦኗችን ውለታ» ብላ ይህን ጽፋ መጣች፦

«ትምህርት ቤታችን በር ላይ ያለችው ቦኖ ጨዋ ናት። እንደ ሌሎች ቧንቧዎች አትጮህም፣ አትረጭም፣ የማንንም ቀሚስ አታበሰብስም። ከተመረቀች ጀምሮ የአንዲትም ሴት ጄሪካን አላከበደችም። እናቶቻችን ወንዝ ድረስ እየተመላለሱ ጉልበታቸው እንዲጠነክር አድርጋለች። ሪባኗን ለቆረጡላት አባታችን ዕድሜ ይስጥልን።»

ከአሥር አሥር ሰጠኋት። ግድግዳ ላይ ተለጠፈላት።

ርዕሰ መምህራችንን ገሠሠን ታውቂዋለሽ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንግዳ ሲመጣ ግን ይርበተበታል። ለወላጆች ቀን ቦኖዋን የመረቁት ኃላፊ ይመጣሉ ሲባል የምስጋና ጽሑፍ ሲፈልግ ይህችን አገኘ። ልጅቷን በማይክሮፎን አስነበባት። ወላጆች ሳቁ። ኃላፊው ሕዝቡ የተደሰተ መስሏቸው ከሁሉ አብልጠው አጨበጨቡ፤ ተነሥተውም «እንዲህ ያሉ አመስጋኝ ልጆች ያብዛልን!» አሉ። ያን ጊዜ ሰዉ ወንበር ይዞ ሳቀ። መኪናቸው ጋ ሲደርሱ አንዱ ጠጋ ብሎ አስረዳቸው።

ረቡዕ ገሠሠ ቢሮው ጠራኝ። የተተየበ ወረቀት አቀረበልኝ። ተማሪዋ ከታዘዘችው ውጭ በራሷ ተነሣሥታ የጻፈችው ስድብ ነው፣ ውጤቷም ዜሮ ሆኗል ይላል። ይህን ከፈረምኩ እኔ ነጻ ነኝ። እሷ ግን በዲሲፕሊን ትታገዳለች፤ ዘንድሮ ፈተና አትቀመጥም።

«በቀጥታ ውሃ የለም ብትል ምን ነበረበት?» አለኝ።

«አምና በቀጥታ ጽፋ አስተያየት መስጫ ሳጥን ውስጥ ከትታለች። ቁልፉ አንተ ጋ ነው፤ ከፍተኸዋል?»

«መምህርት ማሪያም፣ ይሄ ስድብ ነው።»

«ስድብ መሆኑን መቼ አወቅህ? አንተም ስታጨበጭብ አይቼሃለሁ እኮ።»

ፊቱ ቀላ። ድምፁን ዝቅ አደረገና «ካማሺ የአማርኛ መምህር ተቸግረዋል አሉ» አለኝ።

«እዚያስ ቦኖ ተመርቋል?» ብዬው ወጣሁ።

በማግስቱ ነው አንቺ የደወልሽው።

ዓርብ የብኸይታ አባት ጁምዓ ከሆሞሻ መጣ። ማሽላውን ትቶ ነው የመጣው። ገሠሠ ነገሩን አስረዳው። ጁምዓ አዳመጠና በተሰባበረ አማርኛው «አስተማሪ፣ ልጁ ቦኖውን አመሰገነ፤ ሰውዬው ደስ አለው። አሁን የተቆጣው ማን ነግሮት ነው? የነገረውን ሰው ጥራ፤ እሱን እንጠይቅ» አለው።

ፈርሚ ብለሽኝ የለ? ፈርሜያለሁ። የእነሱን አይደለም፤ የራሴን ጻፍኩ። «ምጸትን ያስተማርኩ፣ ድርሰቱን ያዘዝኩ፣ ያረምኩና ሙሉ ማርክ የሰጠሁ እኔ ነኝ። ተማሪዋ የታዘዘችውን በሚገባ ሠርታለች። ጥፋት ከተባለ የእኔ ነው።» ገሠሠ ሁለት ጊዜ አነበበው። ብኸይታ እንደማትታገድ፣ ነገ ሰኞ ባንዲራ ስንሰቅል ግን በሰልፉ ፊት ይቅርታ እንደምትጠይቅ ነገረኝ። ስለ እኔ ምንም አላለም። የዝውውር ደብዳቤዬ እየተተየበ መሆኑን ጸሐፊዋ ነግራኛለች።

ልጅቷ ትናንት ይቅርታዋን ጽፋ ቤት ድረስ አመጣችልኝ። «ቲቸር፣ ያለ ዘይቤ ጻፊ ብለውኛል» አለችኝ። እንዲህ ይላል፦

«ቦኗችን ጨዋ ናት ብዬ ስለጻፍኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጨዋ አይደለችም፤ ባዶ ናት። ከተመረቀች ጀምሮ ውሃ አልወጣባትም። እናቶቻችን ጉልበታቸው አልጠነከረም፤ ታመዋል። ሁለተኛ አላመሰግንም።»

«ይህን ካነበብሽ ነገሩ አያበቃም» አልኳት። «ፈተናሽም አለ። አባትሽስ ምን አለ?»

«‹እውነት ነው?› አለኝ። እውነት ነው አልኩት። ‹በይ አንብቢ› አለኝ። ቲቸር፣ ስህተት አለው?»

ደግሜ አየሁት። አንድም የሚታረም ነገር የለውም። ይህንኑ ነገርኳት።

ነገ ስታነብ አጠገቧ እቆማለሁ። ማይክሮፎኑን ለመንጠቅ የሚመጣ በእኔ በኩል አልፎ ነው።

ካማሺ ከላኩኝ እሄዳለሁ። መንገዱ መጥፎ ነው፣ ስልክ የሚሠራው አልፎ አልፎ ነው ይላሉ። የቤቱን ቁልፍ አክስትሽ ዘንድ አስቀምጣለሁ፤ ማንጎው ሲበስል ትልክልሻለች። አንቺ ስለ እኔ ብለሽ ለገሠሠ አትደውዪለት። ግማሹን የነገረሽ እሱ መሆኑ ገብቶኛል፤ ከእንግዲህ አትደውዪለት።

አላህ ዓይንሽንም ምላስሽንም ይጠብቅልኝ። ትምህርትሽን ፈጽመሽ ሥራ የምትይዢበት ቀን ሲመጣ፣ አንዱ ወረቀት አቅርቦ ፈርሚ ሲልሽ፣ አላህ አንብበሽ የምትፈርሚ ያድርግሽ።

እናትሽ
ማሪያም