ጉድፍ የተባለችው ነጭ ጭረት

ወንድማችን ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ጥቅምት 9 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአምስት ልጆች የመጀመሪያው ናቸው። አባታችን ጠግነው የዘጉትን ሰዓት ተደብቀው እየከፈቱ ስለሚፈትሹ፣ እናታችን ገና በልጅነታቸው «ጠርጣራው» አሏቸው። ስሙም አብሯቸው አረጀ።

የፊዚክስ ትምህርታቸውን ጨርሰው በ1970 ዓ.ም. ከመንኮራኩር የሚላኩ ፎቶግራፎች በሚመረመሩበት ተቋም ተቀጠሩ። በአጉሊ መነጽር የሚያዩት የሩቅ ፕላኔቶችን ጨረቃዎች ነበር። እዚያ ብርዱ ውኃን እንደ ድንጋይ ያጠነክራል። ከአንዳንዶቹ ሥር ያለው ውኃ ግን የበረዶውን ቅርፊት ሰንጥቆ እንደ እሳተ ገሞራ ይፈነዳል፤ የሚተፋው እሳት ሳይሆን በረዶ ነው። ያን ጊዜ ይህን አይቻለሁ የሚል ሰው አልነበረም።

ተቋሙ አንድ ደንብ ነበረው። እያንዳንዱን ፎቶግራፍ ሁለት ሰዎች በየክፍላቸው ሆነው ያዩታል፤ ሳይነጋገሩ በቁራጭ ወረቀት «ይታይ» ወይም «ጉድፍ» ብለው ይጽፋሉ፤ ወረቀቶቹ በፖስታ ይታሸጋሉ። አንዱ እንኳ «ጉድፍ» ካለ ፎቶግራፉ ሣጥን ውስጥ ይቀራል። የወንድማችን ጥንድ «ረዥሙ» የምንላቸው ባልደረባቸው ነበሩ። በ1972 ዓ.ም. መምህርት ባለቤታቸውን ሲያገቡም ሚዜያቸው እኚሁ ሰው ናቸው። ከትዳራቸውም ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

በ1974 ዓ.ም. ሁለቱም በየክፍላቸው በአንዲት ትንሽ ጨረቃ ጠርዝ ላይ ቀጭን ነጭ ጭረት አዩ። ፎቶግራፉ ሣጥን ገባ። በ1998 ዓ.ም. ሌሎች ተመራማሪዎች ከዚያችው ጨረቃ በረዶ ሲፈነዳ ማየታቸውን ሲያውጁ፣ ወንድማችን ራዲዮኑን ዘግተው «እኔ ይታይ ብዬ ነበር» አሉን። እንግዲያው «ጉድፍ» ሊሉ የሚችሉት ረዥሙ ብቻ ስለሆኑ ሌላ ማስረጃ አልፈለግንም። ለልጆቹ ሠርግ አልጠራናቸውም። መንገድ ላይ ሰላም ሲሉን እንኳ ምን ፈልገው ነው ተባባልን። ይህን የሚጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ከሁሉም የባሰ ነበር፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ባይ ነው። ረዥሙ አንድም ቀን መልስ አልሰጡም፤ ዝምታቸውንም እንደ ጥፋት ቆጠርንባቸው።

ወንድማችን በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ አሮጌ ሣጥኖች ሊወገዱ ነበርና አንድ የታሸገ ፖስታ ይዘው ወጡ። ከዚያ በኋላ ስለ ጨረቃዋ ወሬ ከተነሣ ተነሥተው ይወጡ ነበር። ይህንንም በረዥሙ አሳበብን።

ባለፈው ዓመት ሳንባቸውን ታመሙ። በመጨረሻው ሳምንት ታናሽ ወንድማቸውን «ረዥሙን ጥራልኝ፤ የምነግረው አለኝ» አሉት። እሱ ግን ሰውየው በበሽተኛ ፊት ሊኩራሩ ይመጣሉ ብሎ ጠረጠረ። ፍለጋ ሳይወጣ «ጋሼ፣ ፈልጌ አጣሁት» አላቸው። ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው አረፉ።

ትናንት፣ ዛሬ ለሚነበበው ለዚህ የሕይወት ታሪክ ቀኖችን ስናጣራ፣ ባለቤታቸው የመሳቢያቸውን ቁልፍ ሰጡን። ውስጡ ያ የጨረቃዋ ፎቶግራፍ ፖስታ ነበር፤ ተከፍቷል። በረዥሙ እጅ የተጻፈው «ይታይ» ይላል። በወንድማችን እጅ የተጻፈው «ጉድፍ» ይላል። ከሥሩ በእርሳስ ተጨምሮበታል፦ «ያን ሰሞን የሌንስ አቧራ ተራራ ነው ብዬ ተስቆብኝ ነበር፤ ዓይኔን አላመንኩም። ረዥሙ፣ ይቅር በለኝ።» በ1998 ሲነግሩን ረስተውት ይሁን ዋሽተውን አናውቅም። ቢያንስ ለአንድ ቀን መጠርጠሩን ትተነዋል።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና አራት ወንድምና እህቶቻቸው በሕይወት አሉ። ረዥሙ፣ ዛሬ እዚህ ካሉ፣ መልእክቱን ያስቀረሁብዎ እኔ ነኝ። አፍሬአለሁ። ወረቀቱ በኪሴ ነው፤ የእርስዎ ነው። የወንድማችንን ነፍስ ፈጣሪ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ከቤተሰቡ ረድፍ፣ ከባለቤታቸው ጎን አንድ ወንበር ክፍት ትተናል፤ ለምን መጡ ብሎ የሚጠይቅዎ የለም።