አራት ሰው የሚጭነው ታክሲ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3፣ ከሰዓት

ዛሬም ሒሳቡ አልገጠመም፣ ደብተሬ። ሦስተኛ ወረቀት ቀደድኩ። ዱባይ አራት ቀን፣ ኢስታንቡል አምስት፣ አቴንስ ሦስት። ከፋሲካ በኋላ። ተጓዥ፦ እኔ፣ እህቴ ሶስና፣ ባሏ ግርማቸው፣ ወንድማችን ናቲ። አምስተኛዋ አክስታችን እትዬ ዘውዴ፣ ከዚህ በኋላ እ.ዘ. እየተባሉ የሚጠሩት። (አባባሉ የራሳቸው ነው። ልደታ ፍርድ ቤት ደጅ ሠላሳ ዓመት የሰው ማመልከቻ ጽፈዋል። እኔ የተማርኩት በዚያ ገንዘብ ነው።)

ለአራት ሰው ሁለት ክፍል። ለአምስት ሦስት። ታክሲውም እዚያ አራት ነው የሚጭነው፤ አምስተኛ ካለ ሁለት ታክሲ፣ በየከተማው፣ በየቀኑ። የኛ የአብነት ሰፈር ታክሲ ቢሆን ረዳቱ «ተጠጋጉ!» ብሎ ይገላግለን ነበር።

ጣጣውን ያመጣችው ሶስና ናት። ገና ዕለት ሞቅ ሲላት፣ እትዬን ባሕር እናሳያቸዋለን ብላ ቃል ገባች። ሰባ ዓመታቸው፤ ባሕር አይተው አያውቁም።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ሶስና ቤት ስብሰባ። ግርማቸው ስለ እ.ዘ. ጉልበት ተጨነቀ፤ ቀስ ሲሉ አውሮፕላን ያመልጠናል አለ። የሱ ቦርጭ ለብቻው ወንበር ይፈልጋል፣ እሱን ማን ደመረው! «ይቅሩ» የሚል አፍ ግን የለም። ይሉኝታ። ሁሉም እኔን ያያል። በየሳምንቱ መጽሔት ላይ ባልና ሚስት የምታስታርቂው አንቺ፣ ዘዴ አምጪ አለ ናቲ።

አመጣሁ። እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ። እ.ዘ. የድሮ ሰው ናቸው፤ ሲጋበዙ መጀመሪያ «ይቅርብኝ» ይላሉ። ደግሞም «ይቅርብኝ»። እሺ የሚሉት «በሞቴ» ሲባሉ ነው። እንግዲያው አንዴ እንጠይቃቸው። ይቅርብኝ ሲሉ ዝም። ማንም በሞቴ እንዳይል።

ሳቁ። ናቲ እጄን ጨበጠኝ።

እሑድ፣ የካቲት 8፣ ቅበላ

ምሳ እ.ዘ. ቤት፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር። ነገ ጾም ሊገባ ነውና ሥጋው በገፍ ነው። ለግርማቸው ሦስት ጊዜ ጥብስ ጨመሩለት። «በሞቴ! አጥንትህ ብቻ ቀርቶ የለ እንዴ!» ለኔ ጉርሻ። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ፣ ወሬኛዬ።» ጎረስኩ።

ከዚያ ሶስና ጉሮሮዋን ጠረገች። እትዬ፣ አብረውን ይሄዳሉ አይደል?

«አይ ልጆቼ፣ ይቅርብኝ። እኔን አሮጊቷን የት ታዞሩኛላችሁ?» አሉ እየሳቁ። ጭልፋውን እንደያዙ ቆሙ። ጠበቁ።

ናቲ ስልኩን አየ። ግርማቸው አጥንቱን ጋጠ። እኔ ጥብሱን አደነቅሁ።

በየተራ አዩን። መጨረሻ ላይ እኔን። ከዚያ ሳህን ማንሳት ጀመሩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

ሒሳቡ ገጠመ! ትርፍም አለው። በትርፉ ኢስታንቡል ላይ ባሕር የሚያሳይ ክፍል ያዝን።

ማታ ናቲ ደወለ። እ.ዘ. ለካ በጥር ፓስፖርት አውጥተዋል። ማንም ሳይረዳቸው፣ ራሳቸው ተሰልፈው። ፎቶ አንሺው አይሳቁ ብሎ እንደተቆጣቸው ለሰፈሩ ሁሉ አውርተዋል።

ባሕር የሚያሳይ ክፍል። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

እሑድ፣ የካቲት 15

አላስቻለኝም። ከቅዳሴ መልስ ብቻዬን ሄድኩ። በሞቴ ይሂዱልን አልኳቸው። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። አፌ ይለምናል፣ ሆዴ ያሰላል፦ ሦስተኛ ክፍል፣ ሁለተኛ ታክሲ።

ሻይ ቀዱልኝ። «በሞቴ በትኩሱ ነው፣ ልጄ። ሳምንት ያደረ ጉርሻ ማን ይጎርሳል?»

ሻዩን ፉት አልኩ።

«ታክሲው አራት ነው አሉ የሚጭነው። ያ ግርማቸው በስልክ ነገረኝ።» ስኳሩን ወደኔ ገፉት። «ብትሉኝ እኮ እጠጋጋ ነበር። ስጠጋጋላችሁ አይደል የኖርኩት?»

አራተኛ በሞቴ ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት። በሩን ዘግቼ ስወጣ የተሰማኝን እውነቱን ልጻፍ፦ እፎይታ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 17፣ ረፋድ

ከፈልኩ። የአራት ሰው።

ደረሰኙ እጄ ላይ እያለ እ.ዘ. ደወሉ። ማናችንም መንገድ ስንሄድ ዳቦ ቆሎ ሳያስይዙ ሸኝተውን አያውቁም። ዘንድሮስ ልሥራላችሁ ወይ አሉ። አይ እትዬ፣ ይቅርብን፣ አይልፉ አልኩ፤ እንዲያ ነው የሚባለው። በሞቴ እስኪሉኝ ጠበቅሁ።

«እሺ» አሉ። ስልኩን ዘጉት።